ባሕሩ በሸሸ ሰዓት ለሚያስተምሩን

ለክቡር ዶክተር ኦክታቪዮ ሳንክሌሜንቴ
የባሕር ዳርቻ ዓሣ ሀብትና የረግረጋማ ቦታዎች ማኅበረሰብ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎና ለቢሮዎ አየር ማቀዝቀዣ ጤናና ረጅም ዕድሜ እመኛለሁ። እኛ የፑንታ ባሆ ዛጎል ለቃሚ ሴቶች ከወገባችንና ከትንኙ በስተቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን። በአገራችን ክራቫት ያሰረ ሁሉ ዶክተር ስለሚባል ማዕረጉን ከነሙሉ ክብሩ እንዲቀበሉኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ይህንን የምጽፍልዎ ከጀልባ መውረጃው ደረጃ ላይ ተቀምጬ ነው። ውሃው መሸሽ ጀምሯል፤ ጊዜዬ ጥቂት ነው፤ እጄም እግሬም አንድ ቦታ አልረጋ ብለውኛል። ጽሑፌ ቢጣደፍብዎ ከንቀት ሳይሆን ከባሕሩ ጠባይ ይቁጠሩልኝ።

ጉዳዬ ስለ አንዲት ሴት ነው። አክስቴ ሴኩንዲና አንጉሎ ስድሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ከስምንት ዓመቷ ጀምሮ ጨዋማ ውሃ ውስጥ በሚበቅለው የማንግሮቭ ዛፍ ሥር ተንበርክካ ፒያንጓ የምንለውን ሥጋው የሚበላ ጥቁር ዛጎል ከጭቃው ውስጥ በእጇ ስትለቅም ኖራለች፤ እናቴ ከሞተች ጀምሮ እኔን ያሳደገችኝም በዚያው ነው። ከዚህ ወር መባቻ ወዲህ ግን እርስዎ በፈረሙት መመሪያ ምክንያት ቤቷ ተቀምጣለች፤ የሥልጠና ካርድ የላትምና። የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ካርዷ ይሰጣት። ከዚህ በታች የተዘረዘረው ሁሉ ምስጋና ነው።

አንደኛ፤ ስለ ሰዓት ምርጫዎ እናመሰግናለን። ባሕሩ በየአሥራ አምስት ቀኑ፣ ጨረቃ ስትሞላና ስትጠፋ፣ ከሌላው ጊዜ ይልቅ ርቆ ይሸሻል፤ ከረፋዱ አራት ሰዓት ገደማ የማንግሮቩ ሥር እስከ ጭቃው ይገለጣል፤ የምንለቅመውም ያን ጊዜ ነው። በመካከል ባሉት ሳምንታት ግን ጠዋት ጠዋት ውሃው ሙሉ ስለሚሆን ቤታችን ቁጭ ብለን ቅርጫት እንጠግናለን፣ ፀጉር እንሠራራለን፣ ሰው እናማለን። ጽሕፈት ቤትዎ ሦስቱን የሥልጠና ቀናት በየአሥራ አምስት ቀኑ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ብሎ ሲወስን ሦስቱንም በባሕሩ ሽሽት ላይ አሳረፋቸው። ሆነ ብሎ እንዲህ የሚያነጣጥር ሰው ቢፈለግ አይገኝም። የቀን ሰሌዳውን ያወጡትን ባልደረባዎን ምክንያቱን ብጠይቃቸው፣ «አዳራሹ የተገኘው በእነዚያ ቀናት ብቻ ነው» አሉኝ። አዳራሹ የእኛው የመንደሩ አዳራሽ ነው። ቁልፉ ከጎረቤቴ ከአናቲልዴ ጓዳ ምስማር ላይ ተሰቅሎ ይውላል፤ ዓመቱን ሙሉ የሚጠይቃት የለም።

ሁለተኛ፤ ስለ ትምህርቱ ጥልቀት እናመሰግናለን። ከጽሕፈት ቤትዎ ሊያሠለጥኑን የመጡት መሐንዲሷ በግድግዳው ላይ ከጀልባዬ የሚበልጥ ፒያንጓ በመብራት አሳዩን፤ እጃችንን እንዴት ወደ ጭቃው እንደምንሰድም በነጭ ጓንት አሳዩን። በማንግሮቩ መካከል ያለ አንድ የውሃ ሰርጥ ተዘግቶ ለተወሰነ ጊዜ ቢያርፍ ዛጎሉ እንደሚበዛም አዲስ ግኝት ብለው ነገሩን። አናቲልዴ ከኋላ ሆና፣ «እኛ ታዲያ እስከ ዛሬ ምን ስናደርግ ኖርን፣ ስናንቀላፋ?» ብትል አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። መሐንዲሷ ግን፣ «በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው» ብለው ወደሚቀጥለው ሥዕል አለፉ።

ሦስተኛ፤ ወደ አክስቴ ልምጣ፤ ውሃው ሁለት ደረጃ ወርዷል። ሥልጠናው በታወጀ ጊዜ አርባ ሁለታችንም ለቃሚዎች ተሰብስበን ጨነቀን። ብንማር ድስቱ ባዶውን ያድራል፤ ባንማር ካርዱ ይቀራል። ያን ጊዜ አክስቴ ተነስታ፣ «እናንተ ተማሩ፤ እኔ በዚህ ዕድሜዬ ምን ልማር? የለቀምኩትን ልጅ ላለበት ቤት አደርሳለሁ። በመጨረሻው ቀን ገብቼ እፈርማለሁ፤ አንዲት ፊርማ መቼም አይከለክሉኝም» አለች። ክቡር ሆይ፣ ይህች ሴት በመሥሪያ ቤትዎ ላይ የነበራትን እምነት ልብ ይበሉልኝ።

ሦስቱንም ማክሰኞ ብቻዋን ማንግሮቩ ውስጥ ገባች። እኛ በወረቀት ላይ ዛጎል ቀለም ስንቀባ እሷ የአርባ ሁለት ሴት ሥራ ልትሠራ ጭቃው ውስጥ ተንበርክካ ነበር። በመጨረሻው ማክሰኞ ለክቡራን እንግዶች የቀረበው በኮኮናት የተሠራ የፒያንጓ ሩዝ ከእሷ የዋዜማ ቅርጫት የመጣ ነው፤ እርስዎም ደግመው እንዲጨመርልዎ ጠይቀዋል፤ የጨመርኩልዎ እኔ ነኝ። ስድስት ሰዓት ከሃያ ላይ አክስቴ በቀጥታ ከጀልባዋ ወደ አዳራሹ መጣች። መዝጋቢዋ ቀና ብላ እንኳ ሳታያት፣ «እማማ፣ ዝርዝሩ ተዘግቷል» አለቻት።

«በሩ ክፍት ነው እኮ፣ ልጄ።»

«በሩ ሌላ፣ ዝርዝሩ ሌላ ነው። ደግሞ እግርዎ ወለሉን እያቆሸሸው ነው።»

አክስቴ ጎንበስ ብላ ወለሉን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችና ወጣች። እኔ የሩዙን ጭልፋ ይዤ እዚያው ቆሜ ነበር፤ ለሚቀጥለው እንግዳ ሩዝ ጨመርኩ። አፍሬያለሁ፤ እስካሁንም አፍራለሁ። ይህን ጥፋት በእርስዎ ላይ አላላክክም፤ የራሴ ነው።

ከዚያ ወዲህ በቤታችን ያለውን ሰላም ቢያዩ ደስ ይልዎት ነበር። አክስቴ እንደ ልማዷ ማለዳ ተነስታ ትንኝ የሚያባርረውን የኮኮናት ቅርፊት ጭስ በአሮጌው ጣሳ ታቀጣጥላለች፤ ቦት ጫማዋን ታጠልቃለች፤ መውረጃው ድረስ ትሄዳለች፤ ካርዱ ትዝ ሲላት ተመልሳ ጣሳው ላይ ውሃ ትደፋበታለች። ከዚያ እስከ ቀትር ከመስኮት ወደ በር፣ ከበር ወደ መስኮት ስትመላለስ ትውላለች። ስድሳ ዓመት ሙሉ ሰዓቷን ከባሕሩ ስትቀበል የኖረች ሴት ባሕሩ ሲሸሽ ቁጭ በይ ስትባል ምን እንደምትሆን ያየ ሰው እንቅልፍ አይወስደውም። እኔን አልወሰደኝም።

አራተኛ፤ ስለ ማንግሮቭ ቀን በዓል እናመሰግናለን። ለአንድ ጊዜ እንኳ ሰዓቱን ማግኘትዎን ሳላደንቅ አላልፍም፤ ባሕሩ በሸሸ ጊዜ ደርሳችኋል፤ ቦታውን ነው የሳታችሁት። በመንደራችን ልማድ አንድ ሰርጥ እንዲያርፍ ስንወስን በአፉ ላይ እንጨት ተክለን ቀይ ጨርቅ እናስራለን፤ ያን ያየ አይገባም፤ ሌባ እንኳ አይገባም። ኦንዶ የተባለውን ሰርጥ ዘግታ ጨርቁን በእጇ ያሰረችው አክስቴ ናት፤ ሊከፈት አራት ወር ቀርቶት ነበር። አዘጋጆችዎ ጨርቁን የእንኳን ደህና መጣችሁ ጌጥ መስሏቸው በጎኑ ፊኛ አሰሩበት፤ ከዚያም ሰማንያ የከተማ እንግዶችን ባልዲ አስይዘው «ብዙ የለቀመ ያሸንፋል» ብለው ለቀቋቸው። አክስቴ ከጀልባዋ ላይ ሆና፣ «ኧረ ዶክተር፣ እዚያ አይገባም! ተኝቷል፤ አትቀስቅሱት!» እያለች ብትጮህ ድምፅ ማጉያውን የያዙት ባልደረባዎ፣ «ካርድ የሌላቸው ወገኖች እባካችሁ የውድድሩን ክልል ለቃችሁ ራቁ» አሉ። ያሸነፈው ሰው ኮፍያ ተሸለመ። የተለቀመው ትንንሽ ዛጎል ከሰዓት በኋላ ከመድረኩ ጀርባ ፀሐይ ላይ ተደፍቶ አገኘነው። አክስቴ ከአሸዋው ላይ በሁለት እጇ እየዛቀች ልትመልሰው ሞከረች። አብዛኛው አፉን ከፍቶ ሞቶ ነበር።

አምስተኛ ምስጋናም አዘጋጅቼ ነበር፤ ውሃው ግን አራተኛውን ደረጃ ለቋል፤ ሴቶቹም ጀልባ ላይ ናቸው።

ስለዚህ ወደ ፍሬ ነገሩ ልግባ። ከዚህ ደብዳቤ ጋር አርባ አንድ የሥልጠና ካርዶች በአንድ ፖስታ ታሽገው ይደርሱዎታል። የእኔም አለበት፤ ፎቶዬ አምሮብኝ ስለነበር መለየቱ ከብዶኛል። ትናንት በአናቲልዴ በረንዳ ተሰብስበን ስንመክር የአንድም ሴት ካርድ ለመጠየቅ አላስፈለገም፤ እያንዳንዷ ከጡት መያዣዋ እያወጣች ጠረጴዛው ላይ አኖረች። እኛ የተማርነው እሷ ስለለቀመች ነው። እሷ የማትገባበት ካርድ ለእኛም አይሆነንም።

እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ በፑንታ ባሆ ካርድ ያላት ሴት የለችም፤ ዛሬም አርባ ሁለታችን አብረን እንገባለን። መመሪያው ያስቀጣል ካሉ ተቆጣጣሪዎችዎን ይላኩ፤ ነገር ግን አርባ ሁለታችንንም የሚችል ጀልባ ይዘው ይምጡ፤ ጥቂቶቻችን ወፍራም ነን። ካርዱን ልመልስላችሁ ካሉ ደግሞ በደስታ እንቀበላለን፤ ቁጥሩን አርባ ሁለት አድርገው ይላኩልን። በቢሮዎ ግድግዳ ላይ «አርባ አንድ ሴቶች ሠለጠኑ» የሚለው ሰሌዳ እስከዚያ ቢሸፈን ለጎብኚዎች ጥያቄ መልስ ከማጣት ያድንዎታል።

አክስቴ ከፊተኛው ጀልባ ላይ ቆማ የጭሱን ጣሳ እያወዛወዘች ትጣራኛለች፤ «አንቺ ልጅ፣ ነይ እንጂ! ደብዳቤው የትም አይሸሽብሽም፤ ባሕሩ ነው የሚሸሽ!» ትክክል ናት፤ በዚህ አብቅቻለሁ።

ለትምህርትና ለማንግሮቭ ያለዎትን ከፍተኛ ፍቅር ሁልጊዜ በሩቅ ሆኜ የማደንቅ፣ የሰጡኝን እውቀት ሁሉ ሳላጎድል በታሸገ ፖስታ የመለስኩ፣ አንድ እግሬን ጀልባ ላይ አድርጌ እጅ የምነሳዎ ታዛዥ ተማሪዎ፣

ኔልሲ ካይሴዶ አንጉሎ
ፒያንጓ ለቃሚ፣ ፑንታ ባሆ

ግልባጭ፦
ለመውረጃው ማስታወቂያ ሰሌዳ
ለቤተ ክርስቲያኑ በር
ለመንገደኞች ጀልባ ነጂው፣ ጮክ ብሎ እንዲያነበው

ማስታወሻ፦ በማንግሮቭ ቀን ለፎቶ ብለው ሁለት እርምጃ ወደ ውስጥ ሲራመዱ ጭቃው እስከ ወገብዎ ውጦዎት እንደነበር አይዘነጉትም። ባልደረቦችዎ በስልክ ሲቀርጹ ጀልባዋን አስጠግታ በብብትዎ ይዛ ያወጣችዎ ሴት አክስቴ ሴኩንዲና ነበረች። የመመሪያዎ አንቀጽ አራት፣ «ካርድ የሌለው ሰው ከማንግሮቭ ጭቃ ውስጥ ማናቸውንም ነገር ማውጣት በጥብቅ የተከለከለ ነው» ይላል። አክስቴ ሳታውቅ በፈጸመችው ጥፋት ከልብ ተጸጽታለች፤ ሕጉ የሚያስገድድ ከሆነ መጥተው ቢቆሙላት ወደ ነበሩበት ልትመልስዎ ዝግጁ ናት።