ስቱኮ የሸፈነው ብየዳ

ለተከበሩ አባቴ፣

ክረምቱ እንዴት ይዞዎታል? ጉልበትዎስ ብርዱን ቻለው? የእናቴ ሳል ለቀቃት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ጤናዬን ነኝ፤ ሆዴ ግን በንዴት እያረረ ነው።

አሠሪዬ ማቲያስ ዶሮ ማነቂያ ለሚኖሩት ለእትዬ አሰፋች የደረጃ መደገፊያ አሠርቶኝ ነበር። ባለፈው ወር መደገፊያው ከብየዳው ተገንጥሎ እትዬ ወደቁና ክንዳቸው ተሰበረ። ማቲያስ አባረረኝ። ይህ አንሶት ከአትክልት ተራ እስከ አራት ኪሎ «ቃለጽድቅ ብየዳ አይችልም» እያለ ስሜን አጠፋው። አሁን ፒያሳ ውስጥ አንዲት መስኮት የሚያስበይደኝ የለም።

ይህን ውጬ እንድቀር አይጠብቁ፣ አባቴ። እሑድ እድሩ ሲሰበሰብ የተሰበረውን ብረት ይዤ ገባሁና በሁሉም ፊት ብየዳውን በመጋዝ ቆረጥኩት። ውስጡ እንደ ዳቦ ቀዳዳ በቀዳዳ ነው። የቀለጠ ብረት ከአካባቢው አየር ጋዝ እንደሚጠጣ፣ ሲረጋ ደግሞ ጋዙ መውጫ አጥቶ ቀዳዳ እንደሚሆን ነገርኳቸው። የምንበይድበት ኤሌክትሮድ ልባስ አለው፤ ልባሱ ሲነድ ጭሱ አየሩን ይከላከላል። ከረጠበ ግን ውሃው ራሱ ጋዝ ሆኖ ብረቱ ውስጥ ይገባል። ማቲያስ ኤሌክትሮዶቹን የሚያስቀምጠው በሚያፈስ ጣሪያ ሥር ነው። እናድርቃቸው ብዬ ስለምነው «ዝም ብለህ በይድ!» ነበር ያለኝ።

ማቲያስ ፊቱ አመድ መሰለ። ሰብሳቢው አቶ ሙደሲር በሰው ፊት ልክ ልኩን ነገሩት። አልዋሽዎትም፣ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ይኼኔ እትዬ አሰፋች ክንዳቸውን በጨርቅ እንዳንጠለጠሉ ተነሱና፣ ልጄ፣ ያ ቀዳዳ ከላይ አይታይም ነበር ወይ አሉኝ።

ይታይ ነበር፣ አባቴ። ሁላችንም እንደምናደርገው በግራይንደር ፈግፍጌ፣ ቀዳዳውን በስቱኮ ደፍኜ፣ ቀለም የቀባሁበት እኔ ነኝ። አዎ አልኳቸው። ማቲያስ ብቻ ሳቀ።

ያን ሳቁን አልረሳለትም። ነገ መደገፊያውን በደረቅ ኤሌክትሮድ እንደ አዲስ እበይደዋለሁ፤ ስቱኮ አይነካውም። ማቲያስ በዚያ ባለፈ ቁጥር እያየ ይረር።

የእናቴን ጉልበት ሳሙልኝ። አክስቴን የሺዓለምን በጸሎትዎ አይርሱኝ በሉልኝ። ናታን በርትቶ ይማር። ሊያ ለጓደኞቿ «ወንድሜ የፒያሳ በያጅ ነው» እያለች ትኩራራለች አሉ። ለጊዜው እንድትተወው ንገሩልኝ።

ልጅዎ ቃለጽድቅ
ፒያሳ፣ አዲስ አበባ
ነሐሴ 17 ቀን 2015 ዓ.ም.