የሩመይሳ የአገዳ ቤተሰብ

ይድረስ ጂዳ ላለችው እህቴ ለኡምኩልሱም፣

አሰላሙ ዓለይኩም። አካም ጂርታ? ሰላምታዬ ከጨፋ ሜዳ ማሽላ ይብዛልሽ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ልጅሽ ሩመይሳም አንደኛ ክፍል ገብታ ወሬው አላልቅ ብሏታል።

አስተማሪዋን ሰብሪናን ብታያት! እኔ ጎረቤት ክፍል እያስተማርኩ ጆሮዬ እሷ ጋ ነው። የመምህሩ መምሪያ «ተማሪዎች የቤተሰባቸውን አባላት ያስተዋውቃሉ» ይላል፣ በቃ። ሌሎቻችን ሰሌዳ ላይ ጽፈን አስገልብጠን እናልፋለን። እሷ ግን ከማሳ የማሽላ አገዳ አስለቅማ አሻንጉሊት አሠራቻቸው። «ሰው በልብሱ ይታወቃል፤ ለእያንዳንዱ ከራሱ ልብስ ቁራጭ አልብሱት» አለቻቸው። ማሻአላህ፣ በአማርኛም በኦሮምኛም እያቀላጠፉ ሲያስተዋውቁ አንድ የሚያፍር ልጅ ጠፋ! ምነው እንዲህ ያለች አስተማሪ ለእኛም በደረሰችልን።

ሩመይሳም አያቷን ከሽርጣቸው ጫፍ አልብሳ አቆመቻቸው። ቀጥላ «ይቺ እናቴ ናት» ብላ ያወጣቻት አሻንጉሊት አረንጓዴ ሻሽ አስራለች፤ ከእኔ ሻሽ የተቀደደ። ያንቺ የልብስ ሳጥን ከፍ ብሎ ስለተቀመጠ አልደረሰችበትም መሰለኝ። ክፍሉ አጨበጨበላት፤ እኔም በመስኮት በኩል ቆሜ አጨበጨብኩ።

አሻንጉሊቶቹን መንገደኛ ሲገኝ ልልክልሽ አስቤ ነበር፤ እናቲቱ ግን ለጊዜው እዚሁ ትቆይ። አንቺ ሻሽ ላኪልን። አዲስ እንዳትገዢ፤ አንቺ ያሰርሽውን፣ ሳታጥቢው።

አላህ ዓይን ለዓይን ያገናኘን።

እህትሽ ፋኢዛ፣ ከከሚሴ