አውሮፕላኗ ገና ሳትጠፋ

ብዕሩን የያዘው ታናሽህ ነው፤ ቃሉ ግን የኔ የአባትህ ነው። ፊደል እንዳልቆጠርኩ ታውቃለህ፤ ስለዚህ እሱ አልጋው ላይ ትራስ ተደግፎ፣ ትሪ ጭኑ ላይ ገልብጦ የምለውን ይጽፋል። እጁ ደህና ነው፤ እምቢ ያለው እግሩ ነው። ስልክ ስለማታነሳ ነው በወረቀት የመጣሁብህ። አልደረሰኝም እንዳትል የአውቶቡሱ ሹፌር ሱቅህ ድረስ ገብቶ በእጅህ እንዲሰጥህ ነግሬዋለሁ።

ለመሆኑ እንዴት ሰነበትህ? ጤናህስ? ያ ጨጓራህ ተወህ? ሚስትህ፣ ልጆችህ እንዴት ናቸው? እዚያ ተራራው ላይ ብርዱ እንዴት ይዟችኋል? እኛ አለን፣ መኖር ከተባለ። እናትህን ጉልበቷን ያማታል፣ እሷ ግን አልተኛችም። እኔም እንደምታውቀኝ ነኝ፤ ጥርሴ ቀነሰ እንጂ ምላሴ አልቀነሰም።

የላክኸው ባለጎማ ወንበር ደርሷል። በራችን አላስገባ አለው፤ ግቢው ደግሞ አሸዋ ነውና ጎማው ይሰምጣል። ውጭ ቆሞ ድመቷ ትተኛበታለች። ያደግህበት ቤት ነው፤ የበሩ ስፋት እንዴት ጠፋህ?

ወደ ነገሬ ልግባ። ታናሽህ ባሕር ሲጠልቅ እጁ ላይ የሚያስራትን የመጥለቂያ ኮምፒውተር ፎቶ አንስተው እንዲልኩልህ አድርገህ፣ አይተህ፣ ለእናትህ መልእክት ሰደድህ። «ቀስ ብሎ ነው የወጣው፣ መቆም ያለበት ጥልቀት ላይም ቆሟል፣ ማስጠንቀቂያም አልጮኸም። እንግዲህ የራሱ የሰውነቱ ችግር ነው» አልክ። አሁን ጎረቤቱ ሁሉ ይህንኑ ይደግማል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ስማኝ። ቀስ ብሎ መውጣቱን ማን ካደ? አንድ መርከብ ከሥሩ በሚሽከረከረው ፕሮፔለር ላይ የተጠመጠመበትን ገመድ ሲቆርጥ ዋለ፣ እንደ ደንቡ ወጣ። ሐኪም ቤት አየሩ የሚታመቅበት የግፊት ክፍል አስገብተው ካወጡት በኋላ ሐኪሙ ያችኑ ኮምፒውተር ይዞ አጠገቤ ተቀመጠና አስረዳኝ። አንተ ያነበብከው ውሃ ውስጥ ሳለ የሆነውን ነው። ሰውየው ከወጣ በኋላ ሌላ ገጽ ይመጣል። እዚያ ላይ ትንሽ አውሮፕላን ተስላለች፤ ከጎኗ ሰዓት ወደ ኋላ ይቆጥራል። ታች ሳለ ሥጋው ውስጥ የገባው አየር እስኪወጣለት ነው ቆጠራው። ከውጭ ሲያዩት ሰውየው ደርቋል፣ ልብሱን ለብሷል፣ ይስቃል፤ ውስጡ ግን ገና ከባሕር አልወጣም። አውሮፕላኗ ሳትጠፋ ከፍታ ላይ ከወጣ ያ አየር አረፋ ይሆናል፣ ለስላሳ ጠርሙስ ሲከፈት እንደሚሆነው። ታዲያ ልጄ መቼ አውሮፕላን ተሳፈረ አልኩት። «ተራራም ያው ነው አባባ፤ አየሩ የሚያውቀው ከፍታን ነው፣ በአውቶቡስ ይውጡ በበቅሎ አይጠይቅም» አለኝ።

ያን ቀን አንተ ደወልክ። ሱቅህ ሊከፈት ነው፣ የምትሸጣቸው የውሃ ፓምፖች መጥተዋል፣ የሚያወርድልህ ሰው ቸግሮሃል፣ ዛሬውኑ ይምጣ። እሱ ጀልባው ላይ ቆሞ ፀጉሩ እንኳ አልደረቀም። «አውሮፕላኗ ገና አልጠፋችም፣ ነገ ብመጣስ?» አለህ። ይህን የነገረኝ እሱ አይደለም። ስልኩ በድምፅ ማጉያ ስለነበር የጀልባው ሞተረኛ ሰምቷል። አንተ ምን አልክ? «አንተን ደግሞ በአውሮፕላን የሚያመጣህ ማን አለ? በአውቶቡስ ና።» ተሳሳቃችሁ። ተሳፈረ። አውቶቡሱ የተራራው ጫፍ ሲደርስ እግሩን አጣው።

እዚህ ላይ ብዕሩን አቁሞ «አባዬ፣ ይሄን ተወው፤ የተሳፈርኩት እኔ ነኝ» ይለኛል። አልተውም። ዝም ብለህ ጻፍ ብዬዋለሁ።

ከእሱ በፊት በዚያች ጀልባ ላይ ጠላቂው አንተ ነበርክ። ኮምፒውተሯን እጁ ላይ ያሰርክለትም አንተ ነህ። የአውሮፕላኗን ነገር አታውቅም ነበር? ካላወቅህ አላወቅሁም በል፤ እኔ ስሜን መጻፍ ሳላውቅ አንገቴን ደፍቼ አልኖርኩም። ካወቅህም፣ እያወቅሁ ቀለድኩ በል። ሁለቱንም እውጣለሁ። የማይዋጥልኝ ስልክ ጀርባ ተደብቀህ ቁጥር መተርጎምህ ነው። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ።

ቁርጡን ልንገርህ። የግራ እግሩ ጣቶች መንቀሳቀስ ጀምረዋል። ሐኪሙ በየቀኑ አቁሙት ብሏል፤ ጊዜው ካለፈ እግሩ መቆምን ይረሳል፣ በኋላ ቢጸጸቱ አይመለስም። የሚያቆመው ግን ትከሻ ያለው ሰው ነው። እኔ ሞክሬአለሁ። ብብቱን ይዤ ሳነሳው ሁለታችንም ወለሉ ላይ ተዘረጋን፤ እናትህ ማንን ቀድማ እንደምታነሳ ግራ ገባት። እሱ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ጎረቤት አንድ ቀን ይመጣል፣ በማግስቱ ሥራ አለበት።

ሱቁን ዝጋና ውረድ። መውረድ ማንንም አይጎዳም፤ ሐኪሙን ጠይቄዋለሁ። ንግግር አታዘጋጅ። ገብተህ ብብቱን ያዝ፤ የምትለው ካለህ እያቆምከው በለው። ካልመጣህ ወንበርም መልእክትም አትላክብኝ። ልጄ አንድ ነው እላለሁ፤ አንዴ ካልኩ ደግሞ አልመለስም።

ሚስትህን ሰላም በልልኝ፤ እሷ በዚህ ነገር የለችበትም። ትልቋን ልጅህን ሳምልኝ፤ ያቺን ትንሿን፣ ቁንጫዋን፣ ሁለት ጊዜ። እናትህ ሁላችሁንም ስማችኋለች። እንዳትቆጣው ብላኝ ነበር፣ አልሰማኋትም። ታናሽህም ሰላም ብሎሃል፤ ሳልጠይቀው ነው ያለው።

ከአባትህ ቤት፣ ከወደቡ ማዶ፣ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ።

በል አንተ ልጅ፣ አሁን ከላይ ጀምረህ አንብብልኝ። የተሳሳቃችሁበትን ቦታ ዘልለኸው እንደሆነ ከድምፅህ አውቃለሁ።