ሳይሳል የቀረው የግድግዳ ጫፍ

«የትምህርት ቤታችን መለያ የሆነው የተፈጥሮ ግድግዳ ሥዕል በወቅቱ ምክትል ርእሰ መምህር ሐሳብ አመንጪነትና የቅርብ ክትትል በተማሪዎች የተሳለ ሲሆን፣ የሥዕል መምህርቷም ቀለም በማቅረብና ግቢውን በማስጸዳት የበኩላቸውን ትብብር አድርገዋል።»

ውዴ አስናቀች፣

ከላይ ያለውን ዓረፍተ ነገር አንዲት ፊደል ሳልጨምር፣ አንዲት ፊደል ሳልቀንስ ከትምህርት ቤቱ የምሥረታ በዓል መጽሔት ላይ ገለበጥኩልሽ። «የሥዕል መምህርቷ» የተባልሽው አንቺ ነሽ። ስምሽ የለም። መጽሔቱ የዘበኛውን፣ የደወሉን ለጋሽና የመጀመሪያውን ጥቁር ሰሌዳ የቸነከረውን አናጢ ስም ጽፏል። ያንቺ የለም።

ኅዳር ሚካኤል ሲመጣ ከተለየሽኝ አምስት ዓመት ይሞላል። እስከ ዛሬ አንድም ጊዜ አልጻፍኩልሽም። ብዙ ጊዜ ወረቀት ይዤ ተቀምጬ፣ ያረፈን ሰው በቤት ጣጣ ማስቸገር ነውር መስሎኝ እተወው ነበር። አሁን ግን ተናድጃለሁ። ስናደድ የምነግረው ሰው ያኔም ካንቺ ሌላ አልነበረኝም።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርሽ። ሰላማዊት ባሕር ዳር ሥራ ይዛለች፤ እሑድ እሑድ ትደውልና «አባዬ፣ በላህ?» ትለኛለች፣ ልክ እንዳንቺ መልሱን ሳትጠብቅ። ባጃጅ በራችን ድረስ ይመጣል። አይበቅልም ብዬ የተከራከርኩሽ የኮክ ዛፍ ዘንድሮ አፍርቷል፤ ተረትቻለሁ። ብሩሾችሽ በወተት ዱቄቱ ጣሳ ውስጥ እንደተውሻቸው መስኮቱ ላይ ናቸው። እኅቴ አቧራ ላራግፍ ብላ አንድ ቀን ብታነሳቸው እስክትመልሳቸው ድረስ ምሳ አልበላሁም። ከሞጣ ወደ ቢቸና የተዛወርኩት አንቺን ላስታምም ነበር፤ ካረፍሽ በኋላም መመለሻ ምክንያት አጣሁ። እዚሁ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ፤ ያንን ግድግዳ በየቀኑ አልፌው እሄዳለሁ።

ከዚህ በታች የምታውቂውን ነገር መልሼ የምነግርሽ ይህን ደብዳቤ ሌሎችም እንዲያነቡት ስለምፈልግ ነው። ታገሺኝ።

ያኔ አንቺ ቢቸና፣ እኔ ሞጣ ነበርን። ባልና ሚስት የሆንነው በሳምንት ሁለት ቀን ነው፤ የቀረውን አምስት ቀን መምህራን ነበርን። አንድ ቅዳሜ ሞጣ መጥተሽ ከከተማው ወጣ ብለን ስንሄድ ሰዎች ጤፍ ሲያጭዱ ቆመሽ አየሽ። ወንፈል ነበር፤ ዛሬ ሁሉም የአንዱን ማሳ ያጭዳሉ፣ ነገ ሁሉም የሌላውን። ተመልሰን በር ላይ ስንደርስ «የኔ ልጆች ያንተን ግድግዳ፣ ያንተ ልጆች የኔን ግድግዳ ቢሥሉስ?» አልሽ። «ምን ብለው?» አልኩሽ። «አገራቸውን። ዛፉን፣ ወፉን፣ ውሃውን። በወንፈል» አልሽኝ። ይህ ነው ሐሳብ ማመንጨት። በቦታው የነበርነው ሁለት ሰዎች ነን፤ ምክትል ርእሰ መምህር አላየሁም።

ሕጉንም ያወጣሽው አንቺ ነሽ። ዋናው፣ ማንም የጀመረውን አይጨርስም የሚል ነበር። አንዱ ግንዱን ይሥላል፣ ሌላው ቅርንጫፉን ይቀበለዋል፣ ሦስተኛው ወፏን ያሳርፍበታል፤ በእርሻ ላይ እርፍ እንደሚቀባበሉ ሰዎች። እኔ ይህ ሥዕል ያበላሻል ብዬ ተከራከርኩ። የሞጣ ልጆቼ ቢቸና ደርሰው የመጀመሪያዋን ጅብራ ሲሥሉ አየሁ፤ በአሥራ አንድ እጅ የተሠራች ጅብራ፣ እያንዳንዱ ቅጠሏ ሌላ ሰው ነው፣ ግን አንድ ተክል ናት። ዛሬም ከሩቅ ታስታውቃለች።

ቀለሙን «አቀረብሽ» ይላል መጽሔቱ። ልክ ከሱቅ ገዝተሽ ያስረከብሽ ይመስል። ቀዩን አፈር ከወንዙ ዳር ልጆቹን ይዘሽ ቆፍረሽ አመጣሽ፤ በነጠላሽ ጫፍ አጠለልሽው፤ በግራር ሙጫ ለወስሽው። ለጥቁሩ ወደ ደብሩ የቅኔ ቤት ሄደሽ መሪጌታን ጠየቅሽ። እሳቸውም ጥላሸቱን ከተቆላ ገብስ ጋር ዘፍዝፈሽ ሳምንታት እንድትጠብቂ ነገሩሽ። «ቀለም ተጣድፎ አይጠቁርም» ያሉሽን ለኔ ስንቴ ደገምሽብኝ። ያ ጥቁር ይኸው ስንት ክረምት ዘንቦበት አልለቀቀም። ግቢውን ማስጸዳትሽ እውነት ነው፤ የፈሰሰውን ቀለም በየቀኑ አጥበሻል። ነገር ግን ቤት የሠራን ሰው «በር በመክፈት ተባብሯል» አይሉትም።

አሁን ወደ ምክትል ርእሰ መምህሩ ልምጣ። «ጋሽ ማኅተም» ነበር የምትዪው፤ የትምህርት ቤቱን ማኅተም ከኮቱ ኪስ ስለማያወጣ። «ሽንት ቤትም አብራው ነው የምትሄደው» ብለሽ ስታስቂኝ ትዝ ይለኛል። እውነተኛ ስሙን እዚህ የማልጽፈው አዝኜለት አይደለም። አንቺን ያለ ስም ስላስቀረሽ እሱም እዚህ ያለ ስም ይቅር ብዬ ነው።

የሞጣ ልጆች እንዲመጡ የፈቃድ ደብዳቤ ላይ ማኅተም እንዲያደርግ ሦስት ሳምንት ተመላለስሽ። «ግድግዳ ማበላሸት ነው» አለሽ። በመጨረሻ ርእሰ መምህሩ በቃል ፈቀዱልሽና ልጆቹን በአውቶቡስ ይዤ መጣሁ። ሁለት ቀን ሙሉ ተሳለ። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ወንዙ ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርድበት የቀኙ ጫፍ ብቻ፣ አንድ ክንድ ያህል ሲቀር፣ ዘበኛው ፖስታ ይዞ መጣ። አነበብሽው፤ አጠፍሽው፤ «ልጆች፣ ብሩሽ እጠቡ» አልሽ። ምን እንደሚል ለማንም አልነገርሽም፤ ለኔም። ያ ጫፍ እስከ ዛሬ ባዶ ነው።

ከወር በኋላ እንግዶች ከዞን መጥተው ግድግዳውን ሲያደንቁ ከፊት ቆሞ ያስረዳው ማን እንደ ነበር ታውቂያለሽ። እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ወዳንቺ ዞሮ «ጫፉን ለምን ሳትጨርሺው ቀረሽ?» አለሽ። አንቺ ሳቅሽ። እኔ ብሆን ኖሮ አልስቅም ነበር።

ስምሽን ከታች እንድትጽፊ ለምኜሽ ነበር። «ደቦ የጠራ ሰው እርሻው ላይ ስሙን ጽፎ ያውቃል?» አልሽኝ። አስኑዬ፣ ይህን አንድ ነገር ገና አልማርኩሽም። ገበሬው ስሙን የማይጽፈው ማሳው የማን እንደሆነ ጎረቤት ሁሉ ስለሚያውቅ ነው። የትምህርት ቤት ጎረቤት ግን በየአራት ዓመቱ ተመርቆ ይሄዳል። የሚቀረው ማኅተም የያዘው ነው። የሞጣው ግድግዳም፣ ያንቺ ልጆች መጥተው የሣሉት፣ ለአዲስ ሕንፃ ፈርሷል። የቀረሽ ይህ የቢቸናው ብቻ ነው፤ እሱንም ወሰደው።

የበዓሉ ዕለት ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነበርኩ። መጽሔቱን ሲያድሉን ገለጥኩና ያንን ዓረፍተ ነገር አገኘሁ። እጄን አወጣሁ፤ መድረክ መሪው «በመጨረሻ» አለኝ፤ በመጨረሻ ዘፈን ከፈቱ። የአዘጋጅ ኮሚቴው ሰብሳቢ እሱ ራሱ ነው፤ ጡረታ ቢወጣም ኮሚቴ አላለቀበትም። በማግስቱ እርማት እንዲያወጣ ጻፍኩለት። መልስ የለም። በሁለተኛው ሳምንት ደግሜ ጻፍኩ። የደብዳቤ መልስ ስጠብቅ ሽማግሌ መጣ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ነበር፤ የንስሐ አባትሽ ከፊት፣ ሁለት የሰፈር ሽማግሌዎች ከኋላ። «እሺ ካላልከን አንቀመጥም» ብለው በር ላይ ቆሙ።

«ነገሩን ሳልሰማ እሺ አልልም አባቴ፤ ይቀመጡ» አልኳቸው።

«ሰውየው ጥፋቱን አምኗል። ድንጋይ ተሸክሞ እግርህ ላይ ይወድቃል።»

«ድንጋዩ ይቅርበት፤ ወገቡን ያመዋል። ብዕር ያንሳ።»

ታላቅየው ሽማግሌ ዱላቸውን መሬት ላይ መታ መታ አድርገው፣ «አንተ ልጅ፣ መምህር ነህ ወይስ ጠበቃ?» አሉኝ።

«የጂኦግራፊ መምህር ነኝ አባቴ።»

«እንግዲያው አገር ሁሉ የሚሄድበትን መንገድ እንዴት አታውቀውም?»

እሺ ግን አላልኩም። የበደለው በቃል ቢሆን በቃል ይታረቀኝ ነበር፤ የበደለው በሕትመት ነው፤ መጽሔቱ በየቤቱ ገብቷል፤ ድንጋዩን ግን የሚያየው እኔና ሦስት ሽማግሌዎች ብቻ ነን። ይህንንም ነገርኳቸው። ጠላ ሳይቀምሱ ወጡ። የንስሐ አባትሽ በሩ ላይ ዘወር ብለው «እሷ ብትሆን ይህን አታደርግም» አሉኝ። «አውቃለሁ፤ ለዚህ ነው ይህ ሁሉ የደረሰባት» አልኩ።

አሁን ከተማው የሚያወራው ስለ መጽሔቱ መሰለሽ? ስለኔ ነው። ሽማግሌ የመለሰ ሰው ሆኛለሁ። ዕድር ላይ አጠገቤ ያለው ወንበር ባዶውን ይውላል። ገበያ ውስጥ ሰላምታዬን በጭንቅላት የሚመልሱ ሰዎች አሉ። ሰላማዊት እንኳ ባለፈው እሑድ «አባዬ፣ ተወው» አለችኝ፤ በድምፅሽ። ስልኩን ዘጋሁባት፤ መልሼ ደወልኩና ይቅርታ ጠየቅኋት፤ ግን አልተውኩም።

የማልተውበትን ልንገርሽ። ሽማግሌዎቹ የወጡ ዕለት፣ ለንዴቴ ማብረጃ፣ የሥዕል ክላሰርሽን ከሣጥን አወጣሁ። ከመጨረሻው ወረቀት ኋላ ያ ዘበኛው ያመጣው ደብዳቤ ተገኘ። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ነው። እንዲህ ይላል፦ «እርስዎ ያለ አስተዳደሩ ፈቃድ፣ በራስዎ ሐሳብ ብቻ ተነሳስተው፣ የሁለት ትምህርት ቤት ተማሪዎችን በማስተባበር የትምህርት ቤቱን ግድግዳ በሥዕል ያበላሹ በመሆኑ ለሥራው ሙሉ ኃላፊነቱን የሚወስዱት እርስዎ ብቻ መሆንዎን እየገለጽን፣ ሥራው ዛሬውኑ እንዲቆም እናስጠነቅቃለን።» ከላይ ሙሉ ስምሽ ከነአባትሽ ከነአያትሽ። ከታች የሱ ፊርማ። ፊርማው ላይ ማኅተሙ፣ ክቡ፣ ጥርት ያለ ሐምራዊ።

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በሕይወቴ ስላንቺ ተጽፎ ካየሁት ሁሉ እንደዚህ የመሰከረልሽ ጽሑፍ የለም። «በራስዎ ሐሳብ ብቻ»፤ «ሙሉ ኃላፊነቱን የሚወስዱት እርስዎ ብቻ»። ሥዕሉ ጥፋት ሲመስለው ያንቺ ብቻ ነበር፤ ክብር ሲሆን የሱ ሆነ።

ወረቀቱን ገለበጥኩት። ከኋላው ለሞጣው ግድግዳ ቀለም ሞክረሽበታል። አምስት ዓይነት አረንጓዴ፣ ጥላሸቱ፣ ቀዩ አፈር፣ አጠገባቸውም ትንንሽ የልጆች የአውራ ጣት አሻራ። የሚያስፈራራሽን ደብዳቤ የቀለም መሞከሪያ አደረግሽው። ያኔ ነው ያለቀስኩት፤ ካረፍሽ ወዲህ እንደዚያ አላለቀስኩም። ከዚያ ተነሥቼ ፊትና ጀርባውን ሦስት ሦስት ፎቶ ኮፒ አስነሣሁ። ዋናው ከብሩሾችሽ አጠገብ ነው፤ ማንም አይነካውም።

ተማሪዎቻችንን ፈልጌ ደውዬላቸዋለሁ። አንዷ ጉንደ ወይን ነርስ ናት፤ አንዱ አይሱዙ ይነዳል፤ ጅብራዋን የጀመረችው ልጅ የሁለት ልጆች እናት ሆናለች። «የጀመርኩትን ያልጨረስኩት በሳቸው ሕግ ነው፤ ወንዙን ግን ማን ከለከለን?» አለችኝ። ኅዳር ሚካኤል ለሙት ዓመትሽ ይመጣሉ። እዚህ ያሉት አፈሩን ቆፍረዋል። ጥላሸቱን ከገብሱ ጋር ዘፍዝፌዋለሁ፤ ሳምንታት ይፈልጋል፤ ታውቂያለሽ።

ያንን አንድ ክንድ ባዶ ግድግዳ ለሁለት ነገር አዘጋጅቼዋለሁ። እርማቱ ስምሽ ከነአባትሽ ተጽፎበት፣ ታትሞ መጽሔቱ በገባበት ቤት ሁሉ እንደሚገባ ጋሽ ማኅተም በጽሑፍ ካረጋገጠ፣ ልጆችሽ ወንዙን እስከ በረሃው ድረስ ያወርዱታል፤ እኔም ያን ዕለት ራሴ ወደ ሽማግሌዎቹ ቤት ሄጄ ጉልበታቸውን እስማለሁ። ካልሆነ ግን የማስጠንቀቂያው ደብዳቤ በሰው ቁመት ታትሞ እዚያው ይለጠፋል፤ ፊርማውና ማኅተሙ በዓይን ቁመት ላይ እንዲሆን ለክቻለሁ። ክረምት ቢያነሣው በጋ እለጥፈዋለሁ። እኔ እስካለሁ ይኖራል።

አንቺ «ተወው» እንደምትዪኝ አውቃለሁ። በሃያ ሁለት ዓመት ትዳራችን ብዙ ነገር ተውኩልሽ። ይህን አልተውልሽም። አንቺ መርሳት ትችዪ ነበር፤ የማስታወሱ ሥራ የኔ ድርሻ ነበር፤ ወንፈል ነውና ድርሻዬን እሠራለሁ።

ባልሽ

ግልባጭ፦
ለጋሽ ማኅተም

ይህ ደብዳቤ የደረሰዎት በእጅ ነው፤ መድረሱን ሁለት ምስክሮች ያውቃሉ። እርማቱን ለማተም መወሰንዎን ወይም አለመወሰንዎን እስከ ኅዳር 11 ቀን፣ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ድረስ እንዲያሳውቁኝ እጠይቃለሁ። ሽማግሌ አይላኩ። መልሱ በጽሑፍ፣ በፊርማና በማኅተም ይሁን።