በማን ስም

ጥር 9

ቀዝቃዛ ቀን። ሞላሌ ገበያ ወጥቼ የበግ ጠጉር ገዛሁ። ስመለስ የማኅበራችን ሴቶች ኮከቤ ቤት ተሰብስበዋል። አዲስ አበባ ሆኖ ባናችንን፣ ከጠጉሩ የምንሠራውን ብርድ ልብስ፣ የሚገዛን ቴዎፍሎስ ደውሎ ኖሯል። ፎቶውም ትዕዛዙም በየሰዉ ስልክ ተበታትኖ ጠፋብኝ፣ ሁላችሁም የምታዩት አንድ ኢሜይል ክፈቱ ብሏል።

ኮከቤ ሊቀመንበራችን ናት። «ኢሜይሉ ጠጉር ይነድፍልናል?» አለች። ሳቅን።

ወሰንየለሽ ሁለት ዓይነት አለ አለችን። አንዱ በየወሩ የሚከፈልበት፣ በማኅበሩ ስም የሚቆም። ሌላው በነጻ። «ነጻው ይበቃናል። እኔ በስልኬ እከፍተዋለሁ።»

ኮከቤ ወደ እኔ ዞረች። «ጌታነሽ፣ አንቺ ታነቢያለሽ። ምን ትያለሽ?»

ነጻው በማን ስም ይሆናል? ጥያቄው አፌ ላይ ነበር... ዋጥኩት። ወሰንየለሽ የሟች ባሌ የእህት ልጅ ናት። እኔ ነኝ ያሳደግኳት። ከስምንተኛ ክፍል ያስቀረኋትም እኔ ነኝ፣ ጠጉር እንድትነድፍልኝ። እኔ ከባሌ መዝሙረ ዳዊት ላይ ፊደል ስለቅም እሷን ከትምህርቷ ነጠልኩ። ከዚያ ወዲህ እምቢ ብያት አላውቅም።

«ነጻው ይሁን» አልኩ።

ጥር 14

ፓስወርድ ወጣ። ኮከቤ እንደ ገንዘብ ሣጥናችን በሦስት ቁልፍ ይዘጋ አለች። እሷ፣ ወለተ ኢየሱስና እኔ ተከፋፈልነው። አንዷ የራሷን ስትጽፍ ሌሎቻችን ወደ ግድግዳው ዞርን። ወሰንየለሽ እየሳቀች «እሺ እናቶቼ» አለች። ከረሳችሁት ግን የመቀየሪያው ቁጥር በእኔ ስልክ ይመጣል አለችን። ደስ አለን። ማን ሊሰርቀን?

የካቲት 3

ትልቅ ትዕዛዝ መጣ። ሦስታችን ቁልፋችንን በየሰዉ ስልክ ጽፈን ነበርና ሁላችንም በየስልካችን አየነው። ወለተ ኢየሱስ የባናዋን ፎቶ ለነፍስ አባቷ ሳይቀር አሳየች።

መጋቢት 20

ኢሜይሉ አልከፈት አለ። ሦስታችንም ተራ በተራ ጻፍን... እምቢ።

ወለተ ኢየሱስ «ኮከቤ ረስታው ነው» አለች።

«ዳዊት በቃሌ የምደግም ሴት አራት ፊደል ልርሳ?» ኮከቤ ተቀየመች።

ወሰንየለሽ ደብረ ብርሃን ከሄደች ሰነበተች። ደወልኩ። «ኔትወርክ ነው እትዬ።»

ኔትወርክ ይሆናል።

መጋቢት 25

ወደ ቴዎፍሎስ ደወልኩ። ድምፄን ሲሰማ ግራ ገባው። «ማኅበሩ ፈርሷል ተብሎ በራሳችሁ ኢሜይል ተጻፈልኝ እኮ። ከእንግዲህ ባናውን የማቀርበው እኔ ነኝ ብላለች ወሰንየለሽ። ደብረ ብርሃን ፈታዮች ቀጥራለች አሉ።»

በራሳችን ኢሜይል። መቀየሪያው የሚመጣው በእሷ ስልክ ነበር።

ለኮከቤ ነገርኳት። የፈተልነው ጠጉር ጥጉ ላይ እንደ ተከመረ ነው። ወለተ ኢየሱስ ለፋሲካ ልጆቿን ልታለብስ የነበረው በዚህ ትዕዛዝ ነበር።

መጋቢት 26

ደወልኩላት። አነሳች።

«ነጻውን የመረጣችሁት እናንተ ናችሁ እትዬ። በማን ስም እንደሆነ የጠየቀኝ የለም።»

«ያሳደግኩሽ እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ። እርስዎን መቼም አልረሳም።»

ስለ ትምህርቱ እስክታነሳ ጠበቅሁ። ብታነሳ ይገባኝ ነበር፤ አንገቴንም እደፋ ነበር። አንድ ቃል አላነሳችም... ለካ ቂም እንኳ አልያዘችብኝም። እኔ ዝም ስል በደሌን የምክስ መስሎኝ ነበር። ለእሷ ግን ዝም የምትል ሴት ብቻ ነበርኩ።

ሚያዝያ 6

ፋሲካ እንደ ነገሩ አለፈ።

ዛሬ የሚከፈልበትን መረጥን፣ በማኅበሩ ስም። መቀየሪያው በኮከቤም በእኔም ስልክ ይመጣል። ቀስ እያልኩ ራሴ ሞላሁት። ለቴዎፍሎስም የመጀመሪያውን ጻፍኩ፦ ማኅበሩ አልፈረሰም። ገና አልመለሰም።

ከዚያ ሴቶቹን በየስማቸው ማስገባት ጀመርን። ኮከቤ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ለልጅሽስ አንድ ቦታ እንተውላት ይሆን? ነገ ተጸጽታ ብትመጣ...»

ለእኔ ብላ ነው።

«አይሆንም» አልኩ።

ቀና ብላ አየችኝ። የወለተ ኢየሱስን ስም መጻፌን ቀጠልኩ።