በቸ ተጽፎ በሸ የሚነበብ

ጉንደ ወይን፣ ኅዳር 14 ቀን 2003 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ ባለቤቴ ለሥራነሽ፣ ደምበጫ፣ በወንድምሽ በሙላት ቤት።

እንደምን ከረምሽ? ደብዳቤ ጸሐፊ ሁሉ «ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ» ይላል። እኔ ናፍቆቱን አስቀድሜ ጻፍኩና ደህንነቱን ብፈልገው አጣሁት። ነገ ጾመ ነቢያት ይገባል፤ ሰፈሩ ቅበላውን ይበላል። እኔ አንቺ ከሄድሽ ጀምሮ እየጾምኩ ነው፤ ጻድቅ ሆኜ ሳይሆን ወጥ መሥራት ስለማልችል።

ይህን የጻፍኩት በገዛ እጄ ነው። ከማታ ተማሪው ሁሉ ሸንና ቸን ሳያምታታ የሚጽፍ ምናለ ብቻ ነው፤ ካላመንሽ መምህር አወቀን አስጠይቂ። ሰ ቆብ ሲደፋ ሸ ይሆናል፣ ተ ቆብ ሲደፋ ቸ ይሆናል። እንግዲህ ቤታችንን ያፈረሱት እነዚህ ሁለት ባለቆቦች ናቸው።

አንቺ ፊደል አልቆጠርሽምና ይህን የሚያነብልሽ ሙላት እንደሆነ አውቃለሁ። ሙላት፣ አደራህን ሳትዘል አንብብ። ስለ አንተ የጻፍኩት ቦታ ስትደርስም ድምፅህን አታሳንስ።

ሥራነሽ፣ ያቺ ፈረንጅ ከአስጎብኚዋ ጋር የመጣች ቀን እኔ ውጭ ውሻውን ይዤ እንደነበር ታስታውሻለሽ። ውሻው ፈረንጅ አይቶ አያውቅ፣ እሷም እንደዚያ ያለ ውሻ አይታ አታውቅ። ገመዱን ስጎትት ከቤት የምትነጋገሩት ሁሉ አመለጠኝ። ኋላ አንቺ ነሽ የነገርሽኝ። አስጎብኚው «ይህ ጨዋታ ነው፤ አንዱ ትንሽ ዕቃ ይደብቃል፣ ሌላው ከሩቅ አገር በመሣሪያ እየተመራ መጥቶ ይፈልጋል» ሲል፣ አንቺ «አኩኩሉ ነዋ» አልሽው። ፈረንጅቷም የጨዋታውን ስም ጠርታ አስደገመችሽ፤ ስትደግሚላት አጨበጨበች። እኔ ጭብጨባውን እንጂ ስሙን አልሰማሁም።

ከዚያ ያቺን ስልክ የመሰለች መሣሪያዋን ይዛ እርሻውን ዞረች። መሬት ሊለኩ የመጡት ሰዎች የያዙት ያው ዓይነት ነበር፤ አገር ሁሉ አየ። ዕቃዋን ደግሞ ሌላ ድንጋይ የጠፋ ይመስል ከድንበሩ ድንጋይ ሥር ከተተችው። እኔም ዝም አልኩ። እንግዳ አይደለች? ድንበር ምን እንደሆነ፣ በእኛ አገር ስንት ሰው እንደሞተበት ለእንግዳ እንዴት ይነገራል?

ሰው «ፈረንጅ የምናለን መሬት ለካች፣ ምልክትም ቀበረች» ማለት የጀመረው በሳምንቱ ነው። ሙላትም ከደምበጫ ደርሶ በጎረቤት ፊት ድንጋዩን ገለበጠው። እውነቱን ልናገርና ሲገለብጠው ጉልበቱን አደነቅሁለት። ከሥሩ የወጣችው የሳሙና ማስቀመጫ የምታህል ሣጥን ናት። ውስጧ አንድ ቁልፍ፣ አንዲት የፕላስቲክ እንቁራሪት፣ ቁራጭ እርሳስና ያገኘ ሰው ስሙን የሚጽፍበት ባዶ ወረቀት። በቃ።

«ክዳኑ ላይ ምንድን ነው የተጻፈው?» አለ ሙላት። «ፊደል ቆጠርኩ እያልክ ትፎክር የለ? አንብባ።»

እኔ ይህን ስባል እምቢ የምል ሰው ነኝ? ፈረንጅቷ ሣጥኗን ስትከት ክዳኑ ላይ ያየሁትን ቃል አስቀድሜ ቀድቼ ለመምህር አወቀ አሳይቼው ነበር። ስሙ አወቀ ነው፤ አባቱ ስም ሲያወጡለት ቸኩለው ኖሯል። እሱ እንዳለኝ ደረቴን ነፍቼ «ጂኦ-ካቺንግ» ብዬ አነበብኩ። ማንም ሳይጠይቀኝም ተረጎምኩት፦ «ጂኦ መሬት ነው፣ ካቺንግ መያዝ ነው። መሬት መያዝ።»

በሬዎቹ እንኳ ማመንዠካቸውን የተዉ መሰለኝ። ሙላት ወደ ሕዝቡ ዞሮ «በገዛ አፉ» አለ፤ ሌላ አልጨመረም።

ያን ጊዜ ነው አንቺ ከሴቶቹ መሀል የወጣሽው። «እኔ በጆሮዬ የሰማሁት ካቺንግ አይደለም፤ ካሺንግ ነው። ምናለ፣ ቃሉን ለምን ቀየርከው?»

ሙላት ቀድሞኝ መለሰ፦ «ካሽ? እንግዲያ ካሹን ተቀብሎ መሬቱን አስይዟል። ሣጥኗ ውስጥ ብር የታጣውም ለዚህ ነው።» እኔ ያንን ሁሉ አልሰማሁትም። የሰማሁት አንቺ ነጠላሽን አጣፍተሽ ስትሄጂ በቀስታ ያልሽውን ነው፦ «ሳይዋሽ ቃል የሚቀይር ሰው የለም።»

የአባትሽ መሬት ነው። የመሬት ደብተሩ ላይ የሁለታችንም ፎቶ ቢኖር መሬቱ የአባትሽ ነው፤ ሸጠው ብለሽ ብታዝኚ አልፈርድብሽም። አሁን ጤፉ ደርሶ እየረገፈ ነው። ወንድሞችሽ እርሻው እንዳልገባ ከልክለውኛል። ከለከሉኝ እንጂ ቢፈቅዱልኝስ? ደቦ ብጠራ ማንም አይመጣልኝም። ታረቀኝ እንኳ፣ ስቀልድ ገና ሳልጨርስ የሚስቅልኝ ታረቀኝ፣ መንገድ ላይ ሲያየኝ ጫማውን ለማሰር ያጎነብሳል። ጫማው ማሰሪያ የለውም።

ባሰብኝ ጊዜ ደብረ ማርቆስ ወረድኩ። ከዩኒቨርሲቲው በር ቆሜ እንግሊዝኛ የሚያስተምር ሰው አፈላልጌ አንዱን አገኘሁና ቃሉን አሳየሁት። ሳይጠራጠር አነበበው፦ «ጂኦካሺንግ። በቸ ይጻፋል፣ በሸ ይነበባል።»

አንቺ ነሽ የሰማሽው፤ እኔ ነኝ የሳትኩት።

«ካሹስ ብር ነው?» አልኩት።

«አይደለም፤ የተደበቀ ዕቃ ማለት ነው፣ ከፈረንሳዮች የመጣ ቃል ነው። ከብሩ ካሽ ጋር ድምፁ እንጂ ዘሩ አይገናኝም።»

«ጌታው፣ ብር ያልሆነ ካሽ ብዬ እኛ አገር ማን ያምነኛል?» ስለው ሳቀ። ቀልድ ተናግሬ ራሴ ሳልስቅ ስቀር ያ የመጀመሪያዬ ነው።

አየሽ መከራዬን? ካቺንግ ብል መሬት አስያዥ ነኝ። ካሺንግ ብል ገንዘብ ተቀባይ ነኝ። ውሸቱ ያስፈርድብኛል፣ እውነቱ ደግሞ ከውሸቱ ይብሳል።

ሰውየው ፍቺውን በወረቀት ጽፎልኝ ለአባ ወልደ ሩፋኤል አሳየኋቸው። ነገራችንን የያዙት ሽማግሌዎች ሰብሳቢ እሳቸው ናቸው። መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አዩትና መለሱልኝ። «ወረቀት አይምልም፣ ምናለ። ኅዳር ጽዮን ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ቆመህ ቃሉን በአፍህ ትናገራለህ።» ቅኔ አዋቂ አይደሉ? ቀጠሉና «ካሽ ቆቡን ቢያወልቅ ምን ይሆናል?» አሉኝ። ባለ ፊደል ነኝና ቶሎ መለስኩ፦ «ካስ።» «እንግዲህ ለመካስ ተዘጋጅ» አሉኝ።

ኋላ ግን አዘኑልኝ መሰለኝ፣ ወደ ጥግ ወሰዱኝ። «ልጄ፣ መውጫ ልንገርህ። ፊደል አላውቅም፣ ያን ቀን ለጉራ ብዬ ከልቤ ፈጥሬ ነው ያነበብኩት በል። ሰው ይስቅብሃል፤ የሳቀ ሰው ደግሞ አይፈርድም። ጉረኛነትህን አገር ስለሚያውቅ ያምንሃል።»

መልካም ምክር ነው። ሁለት ሌሊት አሰብኩበት። ሰው ቢስቅብኝ ምን ገዶኝ፤ ዕድሜዬን ሙሉ ለምኜ ያሳቅሁት ሰው ነው። ጤፌን አጭዳለሁ፣ መሬቱም ይተርፋል፣ ታረቀኝም ቀና ይላል። ነገር ግን አንቺ ካቺንግ ስል ሰምተሽኛል። አሁን ደግሞ አላውቅም ስል ልትሰሚኝ ነው። ቃሉን አንዴ ቀይሬብሽ ሄድሽ፤ ሁለተኛ ብቀይርብሽ በየት በኩል ትመለሻለሽ?

ስለዚህ ኅዳር ጽዮን ዕለት ካሺንግ እላለሁ። በሸ። ሰዉ ብር ይሰማል፤ ይስማ። ወንድሞችሽ መሬቱን እንውሰድ ካሉ ደብተሩ ከሳጥኑ ግርጌ ነው፣ የእኔን ፎቶ ይላጡት። ፍርዱ ምንም ቢሆን አልከራከርም፤ እኔ አልከራከርም ስል ሰምተሽ ታውቂያለሽ?

ከአንቺ የምለምነው አንድ ነገር ነው። ነይና ከሴቶቹ መሀል ተቀመጪ። መመስከር አይጠበቅብሽም፣ ቀና ብለሽም አትዪኝ። አፌን ስከፍት ብቻ ስሚኝ።

ሙላት፣ እስከዚህ ካነበብክላት እግዜር ይስጥህ፤ መሳደብ ያማረኝን ሁሉ ትቼልሃለሁ። ከዚህ በታች ለእሷ አንድ ቃል ልጽፍ ብዕሬን አንስቼ ነበር። ፊደሎቹን አውቃቸዋለሁ፣ አንዱም ቆብ የለውም። ግን በአንተ ድምፅ እንድትሰማው አልፈለግኩም፤ ተውኩት።

ሥራነሽ፣ እናታችን ጽዮን መንገድሽን ታቅናልሽ፤ ብርዱ ከብዷልና ጋቢሽን ሳትይዢ እንዳትወጪ። ለቤቱ ልጆች ሁሉ ሰላምታዬን አድርሺ፤ ለሙላትም፣ ከፈለገ።

እስከ ኅዳር ጽዮን ባልሽ፣
ምናለ ውበቱ