ኪሴ ውስጥ የከረመው ደብዳቤ

ሙሉዬ፣ የኔ ዓለም፣

እንዴት ነሽ ብዬ እንዳልጀምር መልሱን ከማን እሰማለሁ? አፌ ስለለመደ ብቻ፣ እንዴት ነሽልኝ? ከተለያየን ሁለት ዓመት ከሦስት ወር ሆነን። ደብዳቤ መጻፍ እንደማልወድ ታውቂያለሽ፤ ስንተጫጭ እንኳ ሁለት መስመር ጽፌልሽ አላውቅም። ዛሬ ግን የምናዘዘው ነገር አለኝና ቁጭ ብያለሁ። ለቄስ ልናገረው አስቤ ነበር፤ ነገሩ ግን ያንቺ ነው፤ አንቺው ስሚው።

መጀመሪያ ደስ የሚለውን። ልጃችን ሌንሴ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን አለፈች! ውጤቱ የመጣ ቀን ጎረቤታችን አዴ ጫልቱ እልልታዋን ስታቀልጠው የሰፈሩ ውሻ ሁሉ አብሯት ጮኸ። እኔ ሥራ ቤት የበር ፍሬም እየበየድኩ ነበር፤ የብየዳ መነጽሬን ሳላወልቅ እየሮጥኩ መጣሁ። ከዚያ ምደባው ሲወጣ፣ የሰፈሩ ልጆች አንዱ ጎንደር፣ አንዱ አርባ ምንጭ ሲደርሳቸው የኛዋ እዚሁ አዲስ አበባ፣ አፍንጫችን ሥር ተመደበች። በልቤ፣ በቃ ከቤት እየተመላለሰች ትማራለች፣ ማታ ማታም በር ከፍቼ አስገባታለሁ አልኩ።

እሷ ግን ዶርም ፈለገች። ዩኒቨርሲቲው ከተማው ውስጥ ለሚኖር ተማሪ ዶርም አይሰጥም፤ ከከተማው ውጭ የሚኖር ግን ከቀበሌው የነዋሪነት ደብዳቤ ካመጣ ያገኛል። እኛ ደግሞ ቡራዩ ነን፣ ከአዲስ አበባ ወሰን ማዶ። ሳቂ እንግዲህ! ከመርካቶ የቤት ኪራይ ሸሽተን እዚህ ከመጣን ጀምሮ ቡራዩ የሚለው ስም ካፍሽ ወጥቶ አያውቅም። ቤታችሁ የት ነው ሲሉሽ ‹ከአስኮ ትንሽ አለፍ ብሎ› ነበር መልስሽ። ያ አለፍ ያለው ቦታ ስም የለውም ወይ እያልኩ ስንቴ አብሽቄሻለሁ።

ሌላም የምትይው ነገር ነበር። አሥራ አንድ ዓመት መርካቶ ልብስ ስፌት ቤት ስትመላለሺ፣ ጠዋት ሰልፍ፣ ማታ ሰልፍ፣ ‹ይቺ ልጅ እንደኔ ታክሲ ሰልፍ ላይ አታልቅም› ትይ ነበር። ሆስፒታል ተኝተሽም ያንኑ ደገምሽልኝ። እሺ አልኩሽ። እሺ ማለት መቼም ቀላል ነው።

ሌንሴ ሌሎቹን ወረቀቶች ራሷ አሰባሰበችና የቀበሌውን ለኔ ተወችልኝ። ሄድኩ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ኃላፊው የለም፣ ነገ ይመለሱ እንዲሉኝ እየጸለይኩ ነው የሄድኩት። የዚያን ቀን ግን ምን እንደነካቸው እንጃ፣ ‹ኦቦ ግርማ፣ እንኳን ደስ ያለዎት› ብለው፣ አንድ ሻይ ተጠጥቶ በማያልቅበት ጊዜ ጽፈው፣ ማኅተም መትተው አስያዙኝ። የጃኬቴ ደረት ኪስ ውስጥ ከተትኩት።

ቤት ስገባ ሌንሴ ጠየቀችኝ። ኃላፊው የለም አሉ፣ አልኳት። እውነቴን ነው ሙሉዬ፣ እንዴት ካፌ እንደወጣ አላውቅም! በማግስቱ ማኅተም የሚመታው ሰውዬ ስብሰባ ሄዷል። ከዚያ መብራት የለም። ከዚያ ደግሞ ለቅሶ ሄደዋል። እንዲህ እያልኩ ዘጠኝ ቀን። ያ ነገ ይመለሱ የሚባለውን ነገር እኔው ራሴ ሆንኩባት። ክፋት አልነበረም፤ ፍርሃት ነው። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ በዚህ ቤት ሲያስነጥስ የምሰማው ሰው እሷ ብቻ ናት።

በዚያው ሰሞን የዕቃ ሳጥን ልሥራላት ብዬ ተነሳሁ። ከበር የተረፈ ላሜራ ቆርጬ፣ በይጄ፣ ሰማያዊ ቀባሁት። ባዶውን ለሁለት ሰው አይነሳም። ሌንሴ ልታነሳው ሞከረችና፣ አባዬ ይሄ እኮ ቤት ነው ብላ በሳቅ ፈረሰች። አሁን አዴ ጫልቱ ከሰል ታስቀምጥበታለች። ልጅሽ ዕቃዋን ያንቺ ቡናማ ሻንጣ ውስጥ ከተተች፦ ብርድ ልብስ፣ ሁለት አንሶላ፣ የመቆለፊያ ጓጉንቸር፣ አዴ ጫልቱ በገብስና በቅቤ የሠራችላት ጭኮ፣ ያንቺ ትንሿ መቀስ። ባልዲው አልገባ ብሎ በእጅ ሄደ።

ለምዝገባው ሦስት ቀን ሲቀር ከሥራ ስመለስ ጃኬቴ ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ ከበሩ ጀርባ ተሰቅሏል። ዘልዬ ደረስኩበት። ኪሱን ዳበስኩት። ደብዳቤው አለ፤ ጠብታ ውሃ አልነካውም። ግልጽ ፕላስቲክ ውስጥ ገብቶ፣ የኪሱ ቁልፍ ተቆልፎበታል።

አንቺ ብትሆኚ ቆርቆሮው እስኪነሳ ትጮሂብኝ ነበር፤ እኔም እጮህና ይወጣልን ነበር። እሷ ቃል አልተነፈሰችም። ራት አቀረበች፣ አባዬ ብላ እንጂ ትለኛለች፣ እኔ እንጀራውን አገላብጣለሁ። ይሄን ዝምታ ከማን እንዳመጣችው እንጃ፤ ከሁለታችንም አይደለም።

ጠዋት ደብዳቤውን ሰጠኋት። ዓይኗን ማየት አቃተኝ። በሁለት እጇ ተቀበለችኝና፣ ‹ተጉላልተህ አመጣህልኝ፣ አባዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ› አለችኝ። ሽሙጥ መሰለሽ? ሽሙጥ ቢሆንማ በቀለለኝ። አፈርኩ፣ ሙሉዬ። በሰው ፊት እንደዚያ አፍሬ አላውቅም።

የመግቢያዋ ቀን ሻንጣውን እኔ፣ ባልዲውን እሷ ይዘን ሄድን። የሴቶች ዶርም ወንድ አይገባም፤ ዕቃ ለሚያደርስ ወላጅ ያን ቀን ብቻ ፈቅደዋል። ሦስተኛ ፎቅ፣ ተደራራቢ አልጋ፣ ለስድስት ልጅ አንድ ክፍል። እኔ መቼም ብረት ሳይ አያስችለኝም፤ አልጋዋን ነቅነቅ ባደርገው እንደ በግ ጮኸ። ሥራ ቤት ሄጄ የብየዳ ማሽኔን ላምጣ ስል ሌንሴ በክርኗ ጎሸመችኝ። ካርቶን አጥፌ ከእግሩ ሥር ወተፍኩበትና ዝም አለ።

ከጎኗ ያለውን አልጋ የያዘችው ልጅ ከጅንካ ነው የመጣችው፤ ሁለት ቀን አውቶቡስ ላይ፣ ብቻዋን፣ በአንድ ቦርሳ። አባባ የኔንም ያዩልኛል? አለችኝ። ተንበርክኬ የሷንም ካርቶን ስወትፍ የማላውቀው አባቷ ፊቴ ድቅን አለ። እሱ ልጁን እስከዚህ ድረስ ለቀቀ። እኔ ከአስኮ ትንሽ አለፍ ብሎ ላለ ቤት ዘጠኝ ቀን ዋሸሁ።

ሌንሴ እስከ ግቢው በር ሸኘችኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ እመጣለሁ አለችኝ። አላለቀስኩም። ዓይንህ ምን ሆነ የሚለኝ ካለ ብየዳ ነው እላለሁ።

ከዚያ አስኮ ደረስኩና የቡራዩ ታክሲ ሰልፍ ያዝኩ። የኔ ሥራ ቤት ከቤታችን በእግር አምስት ደቂቃ ነው፤ ሠራተኛ በሚወጣበት ሰዓት እዚያ ሰልፍ ላይ ቆሜ አላውቅም። ጫፉ አይታይም! ታክሲ ሲመጣ ሰልፉ ይፈርሳል፣ ተራ አስከባሪው ይጮሃል፣ እንደገና ከኋላ። ካፊያ ጀመረ። ከፊቴ ያለችው ሴትዮ ምሳ ዕቃዋን አቅፋ አንዴ በግራ፣ አንዴ በቀኝ እግሯ ትቆማለች። አንድ ሰዓት ተኩል ቆምኩ። እኔም እንደሷ እግር መቀያየር ጀመርኩ።

አንቺ ይሄን አሥራ አንድ ዓመት ቆመሽዋል። ትመጪና ደጃፉ ላይ ጫማሽን አውልቀሽ ትንሽ ትቀመጪ ነበር። እኔ ደግሞ ከውስጥ ሆኜ፣ ዛሬስ ምን አስመሸሽ፣ ራቱስ? እልሽ ነበር። አንድ ቀን እንኳ ተነስቼ ሻይ አልጣድኩልሽም። ይቅር በይኝ፣ የኔ ዓለም።

ቤት ስገባ ደጃፉ ላይ፣ ያንቺው ቦታ፣ ጫማዬን አውልቄ ተቀመጥኩ። ምን አስመሸህ የሚለኝ የለም። ቆይቼ ተነሳሁና ሻይ ጣድኩ።

ሌንሴ ቅዳሜ በዚያው ሰልፍ በኩል ትመጣለች። ጫማዋን አውልቃ ሳትጨርስ ሻይዋ ይደርሳል፤ የት ቆየሽ ብዬ አልጠይቃትም። በሕይወት እስካለሁ በየቅዳሜው፣ ብርጭቆውን ሳቀብላት፣ ላንቺ ሳላቀብልሽ የቀረሁትን አስባለሁ። ይሄኛውን እሺ አልሰብረውም።

ያንቺው
ግርማ